ልጄ መሬት ተቀምጦ የታየ ዕለት

ባለቤቴ ቀጥቃጭ ነበር። ይህቺን አጭር ነገር ወረቀት ላይ ለማስፈር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ የማውቀው እኔ ነኝ። በአገራችን ሰው ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምሳሩን ይዞ ደጃችን ይመጣና "እባክህ ቶሎ አድርስልኝ" ይለዋል፤ ብረቱን ተቀብሎ ሲመለስ ግን የልጁን ፊት በነጠላው ይሸፍናል። ሕፃን ታመመ ከተባለ፣ የላም ወተት ነጠፈ ከተባለ፣ ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ጎጆ ይዞራል። "ቡዳው በላው" ይላሉ። እኔም የቀጥቃጭ ልጅ ሆኜ የቀጥቃጭ ሚስት የሆንኩ ነኝና ፍርሃትን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት።

ልጃችን ገና ድክ ድክ ሲል የጎረቤት ሕፃን ሞተና ሰዉ ጣራችን ላይ ድንጋይ አወረደው። በሦስተኛው ቀን መስፉን፣ ማለት ብረት የሚቀጠቀጥበትን፣ ከነመዶሻው አህያ ላይ ጭነን ወደ አዲስ አበባ መጣን። ባለቤቴ መንገድ ላይ "አትፍሪ፣ ከተማ ዘር አይጠይቅም" አለኝ። አልዋሸኝም፤ ከተማ ዘር አይጠይቅም፣ ልጅሽን ለመዳር ሽማግሌ እስክትልኪ ድረስ።

አራዳ፣ ከጊዮርጊስ በታች ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ገባን። ባለቤቴ የበር መቀርቀሪያና የበቅሎ ልጓም ይሠራ ነበር። ልጄ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ወናፍ እየነፋ፣ በትንሿ መዶሻም እየተለማመደ ስምንት ዓመት ሞላው። በዚያው ዓመት የኅዳር በሽታ ገባና ባለቤቴን በአራት ቀን ወሰደብኝ። መስፉን ለማላውቀው መንገደኛ ሰጥቼ ጠላ ጠማቂ ሆንኩ። ልጄን የኔታ ዘንድ አስገባሁት። የኔታ የሚያስተምሩት ከአጥራችን ጀርባ ስለነበር እኔም ጌሾ እየወቀጥኩ ሀሁን አብሬው ሰማሁ። ይህን የምጽፈው በዚያው ነው፤ የፊደሉ ነገር ቢዛነፍ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ልጄ ዲያቆን እንዲሆን ተመኝቼ ነበር። እሱ ግን በአሥራ አራት ዓመቱ ከድጓው ይልቅ የአንድ አርመን የብረት ሥራ ቤት ማረከው። ሰውየውን ሁሉ "ሙሴ" ይለዋል፤ በዚያን ጊዜ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው። የትልልቅ ግቢ በሮችን፣ የመስኮት ብረቶችንና ማጠፊያዎችን ያሠራል። ግቢው በከፍተኛ ግንብ የታጠረ ስለሆነ ከውጭ የሚሰማው ድምፅ እንጂ የሚታይ ነገር የለውም። እኔም በዚያ ግንብ ተማምኜ ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ የአርመኑ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው" አልኩ። ልጄ ጥላሸቱን እዚያው ታጥቦ ይመጣል፤ የቀረውን እኔ ጓዳ ውስጥ በእንዶድ እፈትገዋለሁ።

"እማዬ፣ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ምን አለ ብለው ቢጠይቁኝስ?" ይለኛል።

"ዕቃ በላቸው።"

"ምን ዓይነት ዕቃ?"

"የተቆለፈ።"

"ቁልፉን የሠራሁት እኔ ነኝ ብላቸውስ?"

"ያን ጊዜ እናትህን በቁሟ ቀብረሃታል።"

ይስቃል። እናቱን ስለሚወድ ግን ውሸቴን ተሸክሞልኝ ስምንት ዓመት ኖረ።

በሃያ ሁለት ዓመቱ ጊዮርጊስ ግቢ ያያትን ልጅ ወደደ። አባቷ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ሰፈር ርስት ያላቸው፣ ከጦር ሜዳ የመጣ ጠባሳ ያላቸው፣ በቅሎ ሳይቀመጡ ሦስት እርምጃ የማይሄዱ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ላክን። ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀበሏቸው፤ ነገሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ እንደ ደንቡ "ሰባት ቤት ይቆጠር" ተባለ። በእናቱም በአባቱም በኩል የሩቅ ዘመድነት እንዳይኖር ነው የሚቆጠረው፤ ግን ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሌላም ነገር ይጣራበታል።

ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። ከባለቤቴ በኩል የማውቀው ሦስት ቤት ብቻ ነው፤ ሦስቱም ቀጥቃጭ። አፌን ስከፍት ታዲያ የወጣው የነሱ ስም አልነበረም። ልጅ ሆኜ የምንኖርበት መሬት ባለቤት በነበሩት ጌታ ግቢ ውኃ እቀዳ ነበርና፣ በየበዓሉ አዝማሪ ሲያወድሳቸው የአባት የአያታቸውን ስም እስከ ሰባተኛው ሰምቼ በቃሌ ይዤዋለሁ። እሱን አንድ በአንድ አወረድኩት። የልጅቱ አባት ጉልበታቸውን መታ አድርገው "ደህና ቤት ነው! እናውቀዋለን" አሉ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ልጄ ያኔ እዚያ አልነበረም። ስለ ግምጃ ቤቱ እንጂ ስለ ሰባቱ ቤት ያደረግሁትን አያውቅም።

ኅዳር ላይ አንድ ፈረንጅ ባለ ሦስት እግር ሳጥን ተሸክሞ አራዳን ይዞር ጀመር። ሳጥኑን ይተክላል፣ መዘውሩን ያሽከረክራል፣ ነቅሎ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በመኳንንትና በሰልፍ ፈንታ ሠራተኛ ነው የሚፈልገው፤ ድንጋይ ጠራቢውን፣ አናጢውን፣ ጭነት ተሸካሚውን። አንድ ማታ ራት ላይ ልጄ እየሳቀ ነገረኝ።

"ዛሬ ፈረንጁ እኛ ዘንድ መጥቶ ዋለ። ሰዎቹ ግን አበሳውን አሳዩት። ሙሴ ትናንት 'ነገ ትሣላላችሁ' ብሏቸው ስለነበር ሁሉም ነጭ ለብሰው፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ፀጉር የሌለውም ቅቤ ተቀብቶ መጣ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ግንብ ቆሙ። ፈረንጁ 'ሥሩ፣ ሥሩ' ይላል፤ ማን ሊሠራ! አናጢው 'የልጅ ልጆቼ እንጨት ስፍቅ ሊያዩኝ ነው?' ብሎ መጋዙን ከኋላው ደበቀ።"

እኔም ሳቅሁ። የፎቶግራፍ ነገር እንዲያ ነበር፤ ሰው ለሥዕል የሚቀመጠው ባለሥልጣን ለመምሰል እንጂ ሥራውን ለማሳየት አይደለም።

"አንተስ?" አልኩት።

"እኔማ ሥራ አሳዩኝ ካለ ሥራ ነው ብዬ ሠራሁለት። መጀመሪያ በትልቁ መስፍ ቆሜ መታሁ። ፈረንጁ ራሱን ነቀነቀ። በሙሴ አስተርጓሚነት 'እንዲህማ በአገሬም አለ፤ እንደ አገርህ ሰው አድርገህ አሳየኝ' አለኝ።"

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። "እና?"

"መሬት ተቀመጥኩለት። ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ ከአንድ የቡልጋ ሰው አስመጣን፤ ትንሹን መስፍ መሬት ተከልኩ፤ እግሬን ዘርግቼ በተረከዜ ደግፌ ማጭድ አወጣሁ። እጄ ራሱ አስታወሰው እማዬ። እኔ እኮ የረሳሁት ነበር የመሰለኝ።"

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፈረንጅ ያስተማረው ብረት ሠሪ ቆሞ ነው የሚመታው። ያን የሚያይ ሰው "ሠራተኛ ነው፣ እንጀራ ነው" ብሎ ያልፋል። መሬት ተቀምጦ፣ መስፉን በተረከዙ ደግፎ የሚመታ ግን ከአባቱ ካልሆነ ከማንም አይማረውም። አቀማመጡ ብቻ ዘሩን ይናገራል። ልጄ ይህን አላሰበውም፤ ከተማ ያደገ ልጅ ነው፣ ድንጋይ ጣራው ላይ ሲወርድ አያስታውስም።

እኔ ያን ማታ አንድ ነገር ብቻ ነው ያጽናናኝ፤ ፈረንጁ ሳጥኑን ይዞ አገሩ ይሄዳል፣ እዚያ ማን ያውቀዋል አልኩ። እውነትም ሄደ። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። የሠርግ ጌሾዬን ገዛሁ።

ከቅበላ በፊት ባለችው ሳምንት ጎረቤቴ አጥሩን ዘላ መጣች ማለት ይቀላል። በጉራጌ አገር ተወልዳ አራዳ ያደገች፣ ወሬ ከእሷ ጆሮ ሳያርፍ ወደ ማንም የማይሄድ ሴት ነች።

"ሰማሽ? ሥዕሉ ታጥቦ ተመልሶ መጥቷል። እሑድ አሥር ሰዓት ሰይጣን ቤት ይታያል። አራዳ በሙሉ ራሱን ሊያይ ነው! የኔ ሰውዬ እንኳ ጨው ተሸክሞ አለበት አሉ።"

ሲኒማ ቤቱን ያኔ ሰዉ የሚጠራው ሰይጣን ቤት ብሎ ነበር።

"ሰይጣን ቤት ልትሄጂ?" አልኳት፣ ለማስፈራራት ያህል።

"ባሌ ካለበት ሲኦልስ ቢሆን ምን አለ? ቤት ውስጥ የማያሳየኝን ሥራ እዚያ ልየው።"

የልጅቱ አባት ግን ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሰይጣን ቤት ደጁን አይረግጡም አልኩ። በማግሥቱ ዓርብ ከቅዳሴ ስንወጣ እሳቸው ራሳቸው ጠሩኝ።

"እመቤቴ፣ እሑድ አብረን እንሂድ እንጂ።"

"ወዴት ጌታው?"

"ሲኒማው ዘንድ ነዋ። ያ ፈረንጅ መዘውሩን ሲያዞር በበቅሎዬ በፊቱ አልፌያለሁ። ደህና አድርጎ ነው ያየኝ። ሰው ራሱን በበቅሎ ተቀምጦ ማየት አይከጅለውም? እርስዎም ምራትዎን ይዘውልን ይቀመጣሉ።"

"ጌታው፣ ሰይጣን ቤት የሚባል ነገር ለክርስቲያን..."

"እኔ ያለሁበት ሥዕል ምን ሰይጣን አለበት?"

በቀጥታ ወደ ነፍስ አባቴ ቤት ሄድኩ። የሰባቱን ቤት ነገር በንስሐ ነግሬያቸው ነበርና ያውቁታል። ሰይጣን ቤት የሚገባውን ሁሉ እንዲገዝቱልኝ፣ ባይሆን የልጅቱን አባት ብቻ እንዲመክሩልኝ ለመንኳቸው።

"በሰው ፍርሃት ላይ ግዝት አልጥልም" አሉኝ።

"አባቴ፣ የልጄ ሠርግ ነው።"

"አውቃለሁ። ውሸትሽን ለእኔ ነግረሽኛል። እኔ ግን የተዋሸሁት ሰው አይደለሁም። ለሚገባው አልነገርሽም።" ልወጣ ስነሣ ደግሞ ቀስ ብለው "ለልጅሽስ?" አሉኝ።

ለልጄ ቅዳሜ ነገርኩት። የታመመ መስሎ እንዲቀር፣ ወይም ሙሴን ለምኖ ያቺን ሥዕል እንዲያስቆርጣት ብዬ ነው መናገር የጀመርኩት። ወሬው ሲሳብ ግን ስለ ሰባቱ ቤት ተናዘዝኩ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም።

"የአባቴን አባቶች ጣልሻቸው?" አለኝ።

"ለአንተ ብዬ ነው።"

"ግምጃ ቤት ጠባቂ ነህ ስትዪኝ እሺ አልኩ። ሥራ ይለወጣል። አሁን ግን ሳገባ የማን ልጅ ሆኜ ነው የማገባው? የተረሳ ሰው ልጅ ሆኜ?"

"እውነቱን ብትነግራቸው ልጅቱን ታጣታለህ።"

"እሱንም አውቃለሁ" አለና ወጣ። እስኪመለስ ድረስ በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሲመለስ ምግቡን በልቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። እናገራለሁም አልናገርምም አላለኝም።

እሑድ አሥር ሰዓት ሲኒማ ቤቱ ግጥም ብሎ ሞላ። ከፊት ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ ሠራተኞቹ ተደርድረዋል፤ ልጄም ከጓደኞቹ ጋር እዚያው ነው። ከኋላ ወንበር ያለበት ስፍራ የልጅቱ አባት ካባቸውን ደርበው ተቀመጡ፤ እኔ በግራቸው፣ ልጅቱ በእኔ ማዶ። ልጅቱ እጄን ያዘች። እጇ ቀዝቅዟል። "እማማ፣ ጨለማው ያስፈራል?" አለችኝ። "የሚያስፈራው ብርሃኑ ነው" ልላት ቃጣኝና ዋጥኩት።

መስኮቱ ተዘጋ። ከኋላችን አንድ ነገር እንደ ወፍጮ መንኮራኮር ጀመረ፣ ፊት ለፊት የተወጠረው ነጭ ሸማ በራ፤ የጊዮርጊስ ሜዳና ገበያው ታየ። ሰዉ "ውይ" አለ። ጭነት ተሸካሚዎቹ ጎንበስ ብለው ዳገቱን ሲወጡ ከፊት አግዳሚ ተንጫጫ።

"አንተ፣ ያ ጆንያ ያንተ አይደል? ምን ነበረበት?"

"ጨው።"

"እዚህ ሳየው ግን ቀሎሃል።"

"አንተ በዓይንህ ነው የምትሸከመው፣ ምን ይከብድሃል?"

የጎረቤቴ ባል ነው መላሹ። ጎረቤቴ ከኋላ ሆና ሳቅ አፈናት፤ ወዲያው ግን አንገቷን አስግጋ ማየት ጀመረች። በሥዕሉ ላይ ሰውየው ጆንያውን አውርዶ ሲቆም ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር። ያን ጉልበት ቤት ውስጥ አይታው የማታውቅ ይመስለኛል። ሴት ሁሉ ወንዱ የሚያመጣውን እንጂ እንዴት እንዳመጣው አያይም። ልብሱን እናጥባለን፣ እግሩን እናጥባለን፤ ያቆሸሸውን ቀን ግን አናየውም።

ድንጋይ ጠራቢዎቹ መጡ። አንዱ መሮውን አስቀምጦ ላቡን ሲጠርግ ካዳራሹ አንድ ሰው "ኧረ ፈጠን በል፣ አሠሪህ ከኋላህ ተቀምጧል" አለው፤ እውነትም አሠሪው ከኋላ ወንበር ላይ ነበርና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነጭ ለብሰው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የቆሙት የብረት ሥራ ቤት ሰዎችም ታዩ። ሸማው ላይ እንደ ሐዘን ቤት ሰው ደርቀው ቆመዋል፤ "ማን ሞቶ ነው?" ብሎ አንዱ ጠየቀ። ከዚያ የልጅቱ አባት በቅሎ አለፈች። የታየው የበቅሎዋ ጭራና የእሳቸው ጀርባ ነው።

"ፈረንጁ በፊቴ በኩል ቢዞር ምን ነበረበት!" አሉ።

"በቅሎዋ ግን አምራለች ጌታው።"

"እሷማ ታምራለች" አሉ ቅር ብሏቸው።

እኔ በልቤ አለቀ፣ ቆርጠውታል፣ አመሰግንሃለሁ ጊዮርጊስ እያልኩ ሳለሁ ልጄ ሸማው ላይ ወጣ።

መሬት ተቀምጧል። ፊቱ ጥላሸት ነው። እግሩን ዘርግቶ ተረከዙን መስፉ ላይ ጥሏል። አንድ ሰው ወናፉን ከኋላው ያነሣል ይጥላል፤ ልጄ ጉጠቱን በግራው፣ መዶሻውን በቀኙ ይዞ ማጭዱን ይመታል፣ ይገለብጣል፣ ይመታል። ድምፅ የለውም። ከመታ በኋላ መዶሻውን ባዶ መስፍ ላይ አንዴ ያሳርፋል፤ ያ የባለቤቴ ልማድ ነው። አሥራ አራት ዓመት አፈር ውስጥ ያለ ሰው እጅ ፊቴ ሸማ ላይ ይንቀሳቀሳል። ልጄ ቀና ብሎ አንድ ሰው አየና ፈገግ አለ፤ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ምንም የሚደብቀው እንደሌለው ሰው።

"ይሄ ከሙሴ የተማረ አይደለም" አለ ከጎን አንድ የማናውቀው ሰው። "ተረከዙን እዩት። የዘር ነው።"

"ዓይንህን ሸፍን ታዲያ፣ እንዳይበላህ።"

"ሸማ ላይ ሆኖ ምን ይበላኛል? ጥርሱን ይስበር እንጂ።"

ተሳቀ። የልጅቱ አባት ከጥላሸቱ የተነሣ ልጄን ለይተው አላወቁትም። ወደ እኔ ዘንበል ብለው "ይህ ሰው ከየት አገር የመጣ ነው?" አሉኝ፣ እንዲያው ለወግ ያህል።

እንግዲህ "አላውቅም" ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። በቃ ያልፍ ነበር። ሥዕሉ ያልፋል፣ ሠርጉ ይደርሳል ማለት ነው። ግን ከፊት አግዳሚ ላይ የልጄን ማጅራት አየሁት። አቀርቅሯል። ሰዎች እየሳቁበት፣ እሱ የሰማ እንዳይመስል፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሯል። ሸማው ላይ ያለው ራሱን ቀና አድርጎ ይሠራል፤ አግዳሚው ላይ ያለው ደግሞ እኔ የሠራሁት ነው።

"ከእኛ ቤት ነው ጌታው" አልኩ። "ልጄ ነው።"

"የትኛው ልጅዎ?"

"ያለኝ አንድ ነው።"

"ግምጃ ቤት ጠባቂው?"

"ግምጃ ቤት የለም። ያን አቀማመጥ ከአባቱ ነው የወሰደው። አባቱም ከአባቱ።"

የካባቸውን ጫፍ ከነጠላዬ ቀስ ብለው ሰበሰቡት። ቁጣ የለበትም፤ ሰው ጭቃ እንዳይነካው እንደሚያደርገው ነው። የልጅቱ እጅ ግን እጄ ላይ እንዳለ ቆየ፤ መቼ እንደወሰደችው አላወቅሁም።

ውጭ ስንወጣ ገና ፀሐይ ነበር። በቅሎዋን አቅርበውላቸው ከመቀመጣቸው በፊት ዞር አሉ።

"ሰባቱን ቤት ከየት አመጡት?"

"የመሬታችን ጌታ አባቶች ናቸው። አዝማሪ ሲያወድሳቸው ሰምቼ ነው።"

"አሳምረው ነው የያዙት" አሉና ተቀመጡ። ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ አልገባኝም። ልጅቱ በበቅሎዋ ጎን ሄደች፤ አልዞረችም።

ልጄ ጓደኞቹ ከበውት ነበር፤ ትከሻውን ይመቱታል፣ "አንተ ብቻ ነህ የሠራኸው፣ እኛ ለቀብር የቆምን መሰልን" ይሉታል። እኔን ሲያይ ትቷቸው መጣ። ቁልቁለቱን ጎን ለጎን ወረድን።

"ሄዱ?" አለኝ።

"ሄዱ። ነገርኳቸው።"

ብዙ እርምጃ ሄደ። "እኔ ልናገር አስቤ ነበር። ሰዉ ሲስቅ ግን አቀረቀርኩ" አለ።

ረቡዕ የላክናቸው ሦስቱ ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። ቃሉ መመለሱን፣ ልጅቱ ለሌላ መታጨቷን በትሕትና ነገሩን። ልጄ ራሱ ጠላ ቀዳላቸው። እኔ ግን ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ያን ፆም ከሥራው ተመልሶ ይቀመጣል፣ የሰጠሁትን ይበላል፣ ይተኛል። አንድ ቀን እንኳ "አንቺ ነሽ" አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቱን ከፋሲካ በኋላ ጊዮርጊስ በር ላይ አግኝቻታለሁ። አይታኝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። አልቅሳ ይሁን ዓይን ፈርታ አላወቅሁም፤ ልጄ ቢጠይቀኝ የምመልሰው የለኝምና አላየኋትም አልኩት። ይህ የመጨረሻ ውሸቴ ነው ማለት አልችልም፤ ስለ እሷ ግን የመጨረሻዬ ነበር።

የዚያን ረቡዕ ነገር ግን አልጨረስኩም። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ከሦስቱ አንደኛው፣ እርጅና የተጫናቸው፣ ዱላቸውን የረሱ መስለው ወደ ኋላ ቀሩ። ጓደኞቻቸው አጥሩን እስኪያልፉ ጠብቀው ወደ ልጄ ተጠጉ።

"ልጄ፣ አንዲት ምሳር ነበረችኝ። ስለቷ ተሰብሮ ተቀምጣለች። ማንም እንደ ድሮው አድርጎ የሚያወጣልኝ አጥቼ..."

ደሜ ፈላ። ልጅቱን በተነፈገው እጅ ላይ ምሳራቸውን ሊጥሉ። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመኝ።

"ነገ ሥራ ቤት ያምጧት አባባ። ግንቡ ውስጥ ይግቡና ቆመው እያዩ እሠራልዎታለሁ።"

"እዚህ ልተውልህ አይሻልም?"

"አይሻልም። እያዩኝ ነው የምሠራው።"

ሽማግሌው መሬቱን በዱላቸው ጫር ጫር አደረጉ። "እሺ" አሉ።

በማግሥቱ እኔም ሄድኩ። ስምንት ዓመት በዚያ ግንብ ሥር ስመላለስ በሩን አልፌ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ አጣፍተዋል፤ ግን ዓይናቸው ልጄ ላይ ነው። ልጄ መሬት ተቀመጠ። ሲኒማው ያልያዘውን ነገር ያኔ ሰማሁ፤ መዶሻው ብረቱን ሁለቴ ሲመታ፣ ሦስተኛውን ባዶ መስፍ ላይ ሲያሳርፍ። ያን ድምፅ ባለቤቴ ካለፈ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ከግድግዳው ጋር ተጠግቼ፣ ሰው ያየኛል ብዬ ሳልሰጋ፣ ምሳሩ እስኪያልቅ ድረስ ሰማሁ።